ዝናብ፣ ጭቃና ትዝታ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዛግብት ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ነው። ሞያው የቆመው በዚህ አባባል ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መደርደሪያ የሚዘረጋው፣ ካርድ የሚጻፈው፣ ካዝና የሚቆለፈው በቃል ያለው ነገር ከተናጋሪው ጋር አብሮ እንዳይቀበር ነው።

ይሁን እንጂ አባባሉ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ድርጊት በመዝገብ ላይ አንዳች ሳይጎድልበት ተቀምጦ ሳለ፣ በድርጊቱ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን ከመዝገቡ የተለየ ነገር ሲናገሩ ቢገኙ፣ የትኛው ነው የሚወረሰው? መዝገቡ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። ትዝታው ነው ብሎ መመለስም እንዲሁ ይቀላል። አስቸጋሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከሁለቱም የሚገኘውን እውነት መለየት ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተመረጠው ምሳሌ የመንግሥት ደብዳቤ ወይም የጥንት ብራና አይደለም። በአሜሪካን አገር በቬርሞንት ግዛት፣ በዝናብና በጭቃ መካከል የተደረገ የሙዚቃ ዝግጅት ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሰነዱም ምስክሩም በብዛት የሚገኝለት ድርጊት እምብዛም ስለማይገኝ ለሞያው የሚሰጠው ትምህርት ከባድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

፩. ባንዱና ልማዱ

በአሜሪካ የሙዚቃ ዓለም «ጃም ባንድ» ተብለው የሚጠሩ ቡድኖች አሉ። የእነዚህ ቡድኖች ዋና ጠባይ አንድን ዘፈን በመድረክ ላይ እንደ ተጻፈው ብቻ አለመጫወታቸው ነው። ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን እያዳመጡ ዜማውን በዚያው በቆሙበት ይፈጥሩታል፤ ያስረዝሙታል፤ ወደ ሌላ ዘፈንም ያሻግሩታል። በሸክላው ላይ አምስት ደቂቃ የሆነው ዘፈን በመድረክ ላይ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የዘፈኖቹም ተራ ሌሊት በሌሊት ይለዋወጣል። ስለዚህ ትናንት የሰማ ሰው ዛሬ የሚሰማው ሌላ ነው፤ አንዱ ምሽት በሌላው አይተካም።

ይህን ልማድ ካስፋፉት መካከል ቀደምትነት ያለው በ1965 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ አካባቢ የተመሠረተው ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ ነው። አድማጮቹ ምሽቱ እንዳያመልጣቸው የድምፅ መቅረጫ ይዘው መምጣት ስለ ጀመሩ፣ ባንዱ በ1984 ለቀራጮች የተለየ ቦታ ከልሎ ሰጠ። የተቀዳው ካሴት እንዳይሸጥ፣ ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ እንዲሄድ የሚያዝ ያልተጻፈ ሕግ በአድማጮቹ መካከል ጸና። በዚህ አኳኋን የብዙ ሺህ ሰዓት ድምፅ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ነገር ግን ቀኑን፣ ቦታውንና የማይክሮፎኑን ዓይነት ሳይቀር በጥንቃቄ የሚመዘግቡ ሰዎች ጠብቀው አቆዩት። የባንዱ ሰነዶች ዛሬ በሳንታ ክሩዝ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ዝግጅት ቅጂም በአሜሪካ ብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ሞያው «ተራ አድማጭ» ሲል የሚያልፈው ሰው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የዚህ ንግግር ዋና ምሳሌ የሆነው ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው ፊሽ የተባለው ባንድ ነው። ፊሽ በ1983 በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ፣ በበርሊንግተን ከተማ ተቋቋመ። ጊታር የሚጫወተው ትሬይ አናስታዚዮ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ማይክ ጎርደንና ከበሮ የሚመታው ጆን ፊሽማን ከመጀመሪያው የነበሩ ሲሆኑ፣ ፒያኖና ኦርጋን የሚጫወተው ፔጅ መኮኔል በ1985 ተቀላቀላቸው። ይህም ባንድ ለአድማጮቹ መቅዳትን የፈቀደ ነው። ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ባንዱ ራሱ ከመድረኩ የድምፅ መቆጣጠሪያ የተቀዳውን ጥራት ያለው ቅጂ ማቅረብ ጀመረ። እንግዲህ ስለዚህ ባንድ የሚጻፍ ታሪክ ሰነድ አጣሁ ብሎ ሊያሳብብ አይችልም።

፪. የኮቨንትሪ ሁለት ቀናት

በግንቦት ወር 2004 አናስታዚዮ ባንዱ ሊበተን መሆኑን በይፋ አስታወቀ። የመጨረሻውም ዝግጅት ነሐሴ 14 እና 15 ቀን 2004 በቬርሞንት ሰሜናዊ ምሥራቅ ክፍል፣ ከካናዳ ድንበር ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው በኮቨንትሪ እንዲሆን ተወሰነ። ኮቨንትሪ ነዋሪዋ አንድ ሺህ ያህል ብቻ የሆነ የገበሬ መንደር ናት። ቦታው በመንደሪቱ አጠገብ የሚገኝ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ማረፊያና በዙሪያው ያለው መስክ ነበር። ባንዱ በተወለደበት ግዛት፣ በሜዳ ላይ፣ ከወዳጆቹ መካከል ይሰናበታል የሚል አሳብ ነበር።

ነገር ግን ከዝግጅቱ አስቀድሞ በነበሩት ቀናት ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ። በዚያን ሰሞን በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ቦኒና ቻርሊ የተባሉ ማዕበሎች ተከታትለው ስለ ነበር አየሩ ሁሉ እርጥበት የተሸከመ ነበር። ለመኪና ማቆሚያና ለድንኳን መትከያ የታሰበው የሣር መስክ ውሃ ጠጥቶ ማጥ ሆነ። የገቡት መኪናዎች ተቀረቀሩ። አዲስ የሚመጡት የሚቆሙበት ደረቅ መሬት ታጣ። ወደ ቦታው የሚወስደው ዋናው አውራ ጎዳና፣ ቁጥር 91 የሚባለው፣ በመኪና ሰልፍ ተጨናነቀ። አሥር ሰዓት፣ ሃያ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ በመኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ያደሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ።

ቅዳሜ ነሐሴ 14 ቀን ጧት ማይክ ጎርደን ለዝግጅቱ በተቋቋመው የሬዲዮ ጣቢያ ቀርቦ፣ ከእንግዲህ መኪና እንደማይገባና ገና በመንገድ ላይ ያሉት እንዲመለሱ መወሰኑን ነገራቸው። መሬቱ ሊሸከም አልቻለም። ሰዎቹ መልእክቱን የሰሙት በመኪናቸው ሬዲዮ ነው። ከሩቅ ግዛት ተነሥተው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተው፣ የሚወዱትን ነገር ፍጻሜ ለማየት የመጡ ናቸው። መድረኩ የጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ሆኖ ሳለ ተመለሱ ተባሉ።

በዚያች ሰዓት ሰልፉ በሁለት ተከፈለ። ሕግ አክብረው መሪያቸውን ያዞሩ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ መኪናቸውን በአውራ ጎዳናው ዳር አቁመው፣ የሚችሉትን በጀርባቸው አዝለው፣ በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። ከጥቂት ኪሎ ሜትር እስከ ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ድረስ ሄድን የሚሉ አሉ። የአካባቢው ነዋሪዎች በግቢያቸው መኪና እንዲቆም እንደ ፈቀዱ፣ መንገደኞችን በጭነት መኪናቸው ላይ አሳፍረው እንዳደረሱም ይነገራል። በዝግጅቱ ላይ በመጨረሻ ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው እንደተገኘ ተገምቷል። የአንዲት አነስተኛ መንደር መስክ ለሁለት ቀን የግዛቱን ታላላቅ ከተሞች የሚያህል ሕዝብ ተሸክሞ ዋለ ማለት ነው።

፫. መቅረጫው የያዘው

በሁለቱ ቀናት የተጫወቱት ሙዚቃ በሙሉ ተቀድቶ ይገኛል። ሲኒማ ቤቶችም ዝግጅቱን በቀጥታ ስለ ተቀበሉ ሥዕሉም አልጠፋም። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ከወንበሩ ሳይነሣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይችላል።

የሚሰማውም እንዲህ ነው። ባንዱ በብዙ ቦታ ይስታል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የደረሱትንና በመቶ የሚቈጠር ጊዜ የተጫወቱትን ዜማ ያሳስታሉ። የተጻፈው ክፍል ይፈርሳል፤ የጊታሩ ጣት ይደናቀፋል። አናስታዚዮ በዚያን ጊዜ በአደንዛዥ መድኃኒት ሱስ ተይዞ እንደ ነበር በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በታኅሣሥ 2006 በኒው ዮርክ ግዛት በፖሊስ ከተያዘ በኋላም ፍርድ ቤቱ ባዘዘለት የሕክምናና የክትትል ሥርዓት አልፎ ከሱሱ ተላቅቋል። በኋላም ሌሎች ከሱስ የሚያገግሙበት ማዕከል በዚያው በቬርሞንት እንዲቋቋም አድርጓል።

በሁለተኛው ምሽት ፔጅ መኮኔል «ዌዲንግ ኢን ዘ ቬልቬት ሲ» የተባለውን ዘፈን ሲጀምር እንባ ስለ ተናነቀው መዝፈን አልቻለም። ድምፁ ሲቆራረጥ በቅጂው ላይ ይሰማል። የመጨረሻው ዘፈን «ዘ ከርተን ዊዝ» የተባለው ነበር። እርሱም ሲያበቃ ሃያ አንድ ዓመት የቆየው ባንድ አበቃ ተባለ።

ሙዚቃን በጆሮው ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ቅጂ ሰምቶ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው። ከባንዱ ሥራ ሁሉ ደካማ ከሚባሉት መካከል ይመድበዋል። ብዙ አድማጮችም በዚህ ፍርድ ይስማማሉ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለሞያው የሚተርፍ ጥያቄ ባልኖረ ነበር።

፬. አፍ የያዘው

የዚያን ሳምንት ተካፋዮች ስለ ኮቨንትሪ ሲጠየቁ በመጀመሪያ የሚያነሡት ሙዚቃውን አይደለም። የሚያነሡት ጭቃውን ነው። ጫማን ከእግር የሚነጥቅ ጭቃ እንደ ነበር፣ ባዶ እግራቸውን የቀሩ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ድንኳን ውስጥ የገባው ውሃ የመኝታ ልብሱን እንዳራሰው ይናገራሉ። ከዚያም መንገዱን ያነሣሉ። በአውራ ጎዳናው መካከል፣ መኪና ብቻ በሚሄድበት ሥፍራ፣ በሺህ የሚቈጠር ሰው ዕቃውን አዝሎ ሲጓዝ ያዩትን ሥዕል አይረሱትም። ከማያውቁት ሰው ጋር ውሃ እንደ ተካፈሉ፣ የደከመውን ዕቃ እንደ ተሸከሙለት፣ ያላወቁት ገበሬ በትራክተሩ ከማጡ እንዳወጣቸው ይተርካሉ። ስለ ሙዚቃው ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ «ጥሩ አልነበረም» ይላሉ፤ ወዲያውም «ነገር ግን እዚያ ነበርኩ» ብለው ይጨምራሉ።

እንግዲህ ሁለቱ ምስክሮች አይጣሉም፤ የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። መቅረጫው የተተከለው በመድረኩ ፊት ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ከመድረኩ የወጣውን ድምፅ ብቻ ነው። ከመድረኩ በስተ ኋላ፣ በመስኩ፣ በመንገዱ የሆነውን አልሰማም። ለብዙው ሰው ግን ድርጊቱ የተፈጸመው በመንገዱ ላይ ነው። የመቅረጫው ቅጂ ሙሉ ነው ሲባል ሙሉነቱ መቅረጫው በቆመበት ልክ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ተመለሱ የተባሉትና የተመለሱት ሰዎች በምን ይታወቃሉ? እነርሱ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። ጭብጨባቸው በቅጂው ላይ አይሰማም። በተገመተው የሕዝብ ቍጥር ውስጥም አልገቡም። የመግቢያ ትኬታቸውን እንደ ያዙ ከአውራ ጎዳናው ወጥተው ወደ ቤታቸው የነዱት ሰዎች የዚያ ቀን ታሪክ አካል መሆናቸው አያጠራጥርም፤ እንዲያውም ትእዛዝ አክብረው ቦታውን ከባሰ ጥፋት ያዳኑት እነርሱ ናቸው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ቤተ መዛግብቱ የሚያውቀው የደረሱትን ነው። ከተመለሱት መካከል አንዱ ካልተናገረ፣ የተናገረውንም የሚጽፍ ካልተገኘ፣ ከነሐሴ 14 ቀን 2004 ታሪክ እኩሌታው ጨርሶ ይጠፋል።

ሙዚቃ ጨርሶ ያልተሰማበትም ጊዜ አለ። ይኸው ባንድ በነሐሴ 2018 በኒው ዮርክ ግዛት በዋትኪንስ ግሌን ከርቭቦል የተባለ የሦስት ቀን ዝግጅት አሰናድቶ ነበር። ከባድ ዝናብና ጎርፍ የአካባቢውን የመጠጥ ውሃ ስላደፈረሰው፣ የጤና ባለሥልጣኖች በወሰኑት መሠረት ዝግጅቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። በዚያን ሰዓት ብዙ ሰው ድንኳኑን ተክሎ ገብቶ ነበር። ከዚያ ሥፍራ የተቀዳ የዝግጅት ሙዚቃ የለም። ትዝታ ግን አለ። መዝገብ የሚባለው የተቀዳው ድምፅ ብቻ ከሆነ ከርቭቦል አልነበረም ሊባል ነው።

፭. ትዝታ እንዴት እንደሚለወጥ

ከዚህ በላይ የተባለው ትዝታን ከመዝገብ ለማስበለጥ የተባለ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ትዝታ ይስታል፤ ስሕተቱም ሥርዓት ያለው ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው አንድን ታሪክ ደጋግሞ ሲተርክ የማይገባውን እየጣለ፣ የለመደውን እያስገባ ታሪኩን ወደ ራሱ ልማድ እንደሚያቀርበው አሳየ። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ኡልሪክ ናይሰር በ1981 የሚያስደንቅ ንጽጽር አቀረበ። የፕሬዚዳንት ኒክሰን አማካሪ የነበረው ጆን ዲን በ1973 በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ያደረጋቸውን ንግግሮች በዝርዝር መስክሮ ነበር። ንግግሮቹ በድብቅ የተቀዱ መሆናቸው የታወቀው በኋላ ነው። ናይሰር ምስክርነቱን ከቅጂው ጋር ሲያስተያይ፣ ዲን በቃል በቃሉ ብዙ እንደ ሳተ፣ የራሱንም ሚና ከነበረው በላይ እንዳጎላ አገኘ። ሆኖም በዋናው ነገር፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራ እንደ ነበር በመናገር ረገድ፣ ምስክርነቱ እውነት ነበር።

ይኸው ሊቅ ከኒኮል ሃርሽ ጋር በ1992 ያሳተመው ጥናት ደግሞ ለቤተ መዛግብት ሰው በቀጥታ የሚነገር ነው። በጥር 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በፈነዳች ማግስት ተማሪዎች ወሬውን የትና እንዴት እንደ ሰሙ እንዲጽፉ ተደረገ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እነዚያው ተማሪዎች እንደ ገና ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቀድሞ ከጻፉት የተለየ መልስ ሰጡ። የሚያሳስበው መለወጡ ብቻ አይደለም። የተለወጠውን ትዝታ በፍጹም እርግጠኛነት መናገራቸው ነው።

ኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ፖርቴሊ ግን ከስሕተቱም ትርጉም እንደሚገኝ አስተማረ። በቴርኒ ከተማ ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ ወጣት የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ በመጋቢት 1949፣ ኢጣልያ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን መግባቷን በመቃወም በወጣ ሰልፍ ላይ ከፖሊስ ጋር በተደረገ ግጭት ተገደለ። ፖርቴሊ ያነጋገራቸው ብዙ ሽማግሌዎች ግን የሞተው በ1953፣ ብዙ ሠራተኞች ከፋብሪካው በተባረሩበት ጊዜ ነው ይሉ ነበር። ቀኑን ስተዋል። ነገር ግን ስሕተቱ ለሠራተኞቹ የትኛው ቍስል እንደ ጠለቀ ይናገራል። ሰነዱ ሞቱ መቼ እንደ ሆነ ሲያስረዳ፣ ስሕተቱ ሞቱ ለእነርሱ ምን እንደ ነበረ ያስረዳል።

ወደ ዝናቡ ሙዚቃ ስንመለስ ይኸው ነገር ይታያል። በነሐሴ 1969 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በቤተል፣ በማክስ ያስገር የወተት ላም እርሻ ላይ የተደረገውና ዉድስቶክ በሚል ስም የታወቀው ታላቅ ዝግጅት በዝናብና በጭቃ ይታወሳል። ግሬትፉል ዴድ በነሐሴ 16 ቀን ምሽት በዚያ መድረክ ላይ ሲጫወት፣ በእርጥቡ መድረክ ላይ የቆሙት ተጫዋቾች መሣሪያና ማይክሮፎን በነኩ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይነዝራቸው ነበር። የባንዱ ሰዎች ራሳቸው ያን ምሽት እጅግ ደካማ ሥራቸው አድርገው ይቆጥሩታል። በ1970 በወጣው ፊልም ውስጥም የዚያ ምሽት ጨዋታቸው አልገባም። ዓለም ስለ ዉድስቶክ የሚያስበው በአብዛኛው ፊልሙ ያሳየውን ነው። በዚያ የነበረ ሰው እንኳ ከዓመታት በኋላ ሲናገር በዓይኑ ያየውንና በሲኒማ ያየውን ለመለየት ይቸገራል። መዝገብ ትዝታን ማረም ብቻ ሳይሆን ሊተካውም እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

የኮቨንትሪ ትዝታ የደረሰበት ለውጥ ደግሞ ከሁሉ ይለያል። ሰዎቹ በጭቃ ውስጥ የተጓዙት የመጨረሻ ነው ስለ ተባሉ ነው። ያለቀሱትም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ባንዱ በመጋቢት 2009 በቨርጂኒያ ግዛት በሃምፕተን ከተማ እንደ ገና ተሰብስቦ መጫወት ጀመረ። እንግዲህ በ2005 የተሰጠ ምስክርነት የቀብር ትዝታ ነው። በ2015 የተሰጠ ምስክርነት ግን ሞቶ የተነሣ ዘመድን የቀበረ ሰው ትዝታ ነው። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ መንገዱም ያው ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆኗል። በመጀመሪያው ጊዜ ምሬት የነበረው በኋለኛው ጊዜ ሣቅና ኩራት ሆኖ ሊነገር ይችላል። ሁለቱም ተናጋሪዎች ሐሰተኞች አይደሉም።

፮. ለሞያው የሚተርፈው

ከዚህ ምሳሌ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ባለሞያ የሚተርፉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ የቃል ምስክርነት በተሰበሰበ ጊዜ የድርጊቱ ቀን ብቻ ሳይሆን ምስክርነቱ የተሰጠበት ቀን አብሮ መመዝገብ አለበት። ያለዚህ የ2005ቱ ልቅሶና የ2015ቱ ሣቅ በአንድ ፋይል ውስጥ ተደባልቀው፣ የሚያነበው ሰው ሊፈታው የማይችል እንቆቅልሽ ይሆናሉ። ይህ በካርድ ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚጨምር ሥራ ነው። መስመሩ ባለመጻፉ የሚጠፋው ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛ፤ ትዝታ ከሰነድ ጋር ሲጋጭ ባለሞያው የምስክሩን ቃል ማረም አይገባውም። አሥር ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ሠላሳ ሄድኩ ቢል ሠላሳ ተብሎ ይጻፍ፤ የመንገዱም ልክ ለብቻው በማስታወሻ ይቀመጥ። የተጨመረው ሃያ ኪሎ ሜትር የድካሙ፣ የጭቃውና የተስፋው ልክ ነው። ይህን የሚሰርዝ ብዕር መዝገቡን ያጠራ ይመስለዋል እንጂ ያደኸየዋል።

ሦስተኛ፤ ያልደረሱትን መፈለግ ያስፈልጋል። ማንኛውም ስብስብ በቦታው በተገኙት፣ በሠለጠኑትና በተናጋሪዎቹ ላይ ያደላል። ከመንገድ የተመለሰው ሰው ራሱን የታሪክ ባለቤት አድርጎ ስለማይቆጥር አይመጣም። የሚፈልገው ሰው ወደ እርሱ መሄድ ይገባዋል። በሙዚቃ ዝግጅት የታየው ይህ ነገር በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በፋብሪካ፣ በስደት ታሪክም ይታያል። ፈተናውን ያለፉት ተማሪዎች ስም በመዝገብ አለ፤ ከደጃፍ የተመለሰው ልጅ ስም ግን የት ነው የሚገኘው?

አራተኛ፤ ጊዜ አይጠብቅም። ቴፕ ይጣበቃል፤ መግነጢሱ ይረግፋል፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ከገበያ ይጠፋል። እነዚህን ችግሮች ለማቃለል የሚረዱ ዘዴዎች አሉ፤ አንዱን ቅጂ ወደ ሌላው መገልበጥም ይቻላል። የሰው ትዝታ ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ብቻ የሚገለበጥ ቅጂ ነው። በኮቨንትሪ መንገድ በሃያ ዓመቱ የተጓዘ ወጣት ዛሬ አርባን አልፏል። በቤተል የነበረው ሽማግሌ ሆኗል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል።

በአገራችንም ቢሆን ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። በየሙዚቃ ቤቱ ሲገለበጡ የኖሩ ካሴቶች በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አሉ። በካሴቶቹ ላይ ያለውን ድምፅ ማትረፍ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ይስማማል። ካሴቱን ማን እንደ ገዛው፣ በማን ሠርግ እንደ ተሰማ፣ በየትኛው ክረምት በየትኛው ቤት ሰዎች ተሰብስበው እንዳዳመጡት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ድምፁ ከነዚህ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ እንደ ኮቨንትሪው ቅጂ፣ የመድረኩን እንጂ የመንገዱን ታሪክ አይናገርም።

«በቃል ያለ ይረሳል» የሚለው አባባል እውነት ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ያለው በሙሉ የሚወረሰው፣ በቃል የነበረው ከነዝናቡና ከነጭቃው አብሮት ሲጻፍ ነው። የሙዚቃውን ስሕተት መቅረጫው ይዞታል፤ ማንም አያጠፋውም። በዚያ አውራ ጎዳና ላይ የማያውቀውን ሰው ሻንጣ ተሸክሞ የሄደውን ሰው ግን የሚይዘው አንድ ጠያቂ፣ አንድ ወረቀትና አንድ ቀን የተጻፈበት ካርድ ብቻ ነው። የማኅበሩ አባላት የሥራ ድርሻ ይህን ጠያቂ ሆኖ መገኘት ነው።